የላዳ ሞዞ፣ የኮሮላ ቸርኬ፣ የቶርኖ ቤት ስፔሰር፦ ሐረጎን ይችላል ወይ?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። ለማያውቅ ሰው፦ ሞዞ ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል ነው፤ ቸርኬ ጎማው የሚለብስበት ክብ ነው፤ ስፔሰር በሁለቱ መካከል የሚገባ ወፍራም ቀለበት ነው፤ ሐረጎ ደግሞ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለው ዳገት ነው።

«ጋሼ፣ እኔና ጓደኛዬ በካሬ ቱቦ ሻንሲ በያጅተን አንዲት ትንሽ መኪና ሠርተናል። ክብደቷ 900 ኪሎ አካባቢ ነው። የፊት እግሯም የኋላ አክስሏም የላዳ ነው። ቸርኬው ግን የኮሮላ ባለ 14 አልሙኒየም ነው። ጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚነካካ ቶርኖ ቤት ከቀለጠ አልሙኒየም 20 ሚሊ ስፔሰር አሠራን። ረዣዥም ብሎንም ገዛን። ሦስቱ ብሎን በእጅ ይገባል፤ አራተኛው ግን በቁልፍ ካልተገፋ አይገባም። ከኋላ ደግሞ ስፔሰሩ ከመጥበቁ በፊት ትንሽ ይንገዋለላል፤ ሲጠብቅ ዝም ይላል። በዚህ ሁኔታ ደሴ ወጥተን ብንመለስ ችግር አለው?»

አለው። አትውጡ።

ቅር እንዳይልህ፣ ወንድሜ። መኪና በእጃችሁ መሥራታችሁ ደስ ብሎኛል። ጥያቄህም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ያየኸውን አልደበቅክም። የአራተኛውን ብሎን እንቢታና የኋላውን መንገዋለል ባትጽፍልኝ ኖሮ ምንም ልነግርህ አልችልም ነበር። ሁለቱም ትልቅ ነገር ይናገራሉ። አንድ በአንድ እንሂድ።

መጀመሪያ ግን ጎማን መኪና ላይ የሚይዘው ምን እንደሆነ እንስማማ። ብዙ ሰው ቸርኬው ብሎኑ ላይ የተሰቀለ ይመስለዋል፤ ልክ ኮት ሚስማር ላይ እንደሚሰቀል። እንደዚያ አይደለም። ብሎኑ ሲጠብቅ በጣም በትንሹ ይለጠጣል። ተለጥጦ ወደ ቦታው ልመለስ ሲል ቸርኬውን ከሞዞው ጋር ያጣብቀዋል። አንድ 12 ሚሊ የጎማ ብሎን በ70 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ በግምት 3 ቶን ያህል ይጫናል። አራቱ ሲደመሩ 12 ቶን ገደማ ነው። በዚህ ግፊት ሁለቱ ገጾች እርስ በርስ አይንሸራተቱም። ክብደቱንም ፍሬኑንም የሚሸከመው ያ የገጽ ለገጽ ፍትጊያ ነው። ብሎኑ ራሱ መታጠፍም መቆረጥም አይደርስበትም፤ ተለጥጦ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ገጾቹ በደንብ ካልተጋጠሙ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ጥብቀቱ ትንሽ ሲላላ ቸርኬው በእያንዳንዱ ዙር ብሎኑን ያጥፈዋል። በአንተ ጎማ ልክ 1 ኪሎ ሜትር ማለት 550 ዙር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስትወጣ ብቻ ብሎኑ ከ13 ሺህ ጊዜ በላይ ይታጠፋል ማለት ነው። ሽቦ በእጅህ ወዲህና ወዲያ እያጠፍክ ቆርጠህ ታውቃለህ አይደል? ያው ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ሐረጎ ላይ አንዲት ፒክአፕ የግራ የኋላ ጎማዋን ጥላ ቆማ ጠሩኝ። በጥልቅ ኩርባ ላይ ነበር። ጎማው ወደ ታች ተንከባሎ ማሳ ውስጥ ገብቶ ነው የተገኘው። ሰው አልተጎዳም፤ አላህ ጠበቃቸው። ባለቤቱ ስፔሰር አስገብቶ ወር አልሞላውም ነበር። ከስድስቱ የሞዞ ብሎኖች አምስቱ ተቆርጠዋል፤ ስድስተኛው ዳዶውን (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀውን) ጥሎ ባዶውን ቆሟል። የተቆረጠውን አንዱን አውጥቼ ጸሐይ ላይ አየሁት። ግማሹ የተወለወለ ይመስል ለስላሳ ነው። ለስላሳው ላይ ደግሞ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። የቀረው ጥግ እንደተሰበረ ስኳር ሻካራ ነው። እያንዳንዱ መስመር ስንጥቁ ትንሽ ገፍቶ የቆመበት ቦታ ነው። ሻካራው በመጨረሻዋ ደቂቃ የተበጠሰው ነው። ያ ብሎን ያን ቀን አልተቆረጠም። ለሳምንታት ሲቆረጥ ነው የሰነበተው።

ስፔሰሩን አየሁት። ጥሩ ብረት ነበር። ልኩም አይከፋም። ግን ሁለቱም ገጹ በወፍራሙ ቀለም ተቀብቷል። ቀለም በግፊትና በሙቀት እየተጨፈለቀ ይሳሳል። የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ቀለም ከመሃል ሲጠፋ ብሎኑ የተለጠጠበት ነገር አብሮ ይጠፋል። ዳዶዎቹን ከገጠመ በኋላ ደግሞ አንድ ቀን እንኳን መልሶ አላጠበቃቸውም። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ስለዚህ ስፔሰር ሁሉ አደገኛ ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም። ከፋብሪካ ስፔሰር ተገጥሞላቸው የሚወጡ መኪናዎች አሉ። ጥያቄው ቸርኬው መሃሉን ይዞ፣ ገጽ ለገጽ ተጋጥሞ፣ በልኩ ጠብቆ ተቀምጧል ወይ ነው። በአንተ መኪና ላይ ሦስቱም የሉም።

አሁን ወደ አራተኛው ብሎን። ላዳ መሠረቷ ፊያት 124 ነው። የመጀመሪያዋ ላዳ በ1970 (እንደ ፈረንጆቹ) ስትወጣ የብሎኑን አቀማመጥ ከጣሊያኖቹ ወሰደች። አራቱ ብሎኖች 98 ሚሊ ስፋት ባለው ክብ ላይ ናቸው። የአንተ የኮሮላ ቸርኬ ባለአራት ቀዳዳ ከሆነ ክቡ 100 ሚሊ ነው። ልዩነቱ 2 ሚሊ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ሰውን የሚያታልለው። ልዩነቱ ትልቅ ቢሆን ጨርሶ እንቢ ብሎህ ትተወው ነበር።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ቸርኬው ትክክል መሃል ቢቀመጥ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከብሎኑ 1 ሚሊ ይርቃል። ሦስቱን ብሎን አስቀድመህ ስታስገባ ቸርኬው ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ለነሱ ይመቻቻል። የአራተኛው ልዩነት ያኔ ወደ 2 ሚሊ ይጠጋል። በቁልፍ ስትገፋው ብሎኑ እየታጠፈ ይገባል። የሾጠጠው ራሱም ቀዳዳው ውስጥ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ቁልፉ ላይ «ጠብቋል» የሚል ስሜት ይሰጥሃል። የምትሰማው ግን የመታጠፍ ጥንካሬ ነው፤ የመጨበጥ አይደለም። እንዲህ የገባ ብሎን ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ግማሽ ሕይወቱን ጨርሷል።

በእጅ እስከ መጨረሻው የማይገባ የጎማ ብሎን አይገባም። ይህን ከእኔ ጋሪዥ የሚወጣ ልጅ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

መሃል ስለመያዝ ደግሞ። ቸርኬው መሃል ላይ ያለው ትልቁ ቀዳዳ ለጌጥ አይደለም። የሞዞው አንገት እዚያ ውስጥ ገብቶ ቸርኬውን መሃል ያስይዘዋል። የላዳ ቸርኬ መሃል 58 ሚሊ ተኩል አካባቢ ነው። የዚህ ኮሮላ ቸርኬ 54.1 ሚሊ ነው። ስለዚህ ስፔሰር ባይኖር ኖሮ ቸርኬህ ሞዞው ላይ ጨርሶ አይቀመጥም ነበር። የ20 ሚሊው ስፔሰር አንገቱን ዋጠልህና «ገባ» አልክ። ግን ስፔሰሩ ራሱ ወደ ውጭ የወጣ 54.1 ሚሊ አንገት ከሌለው ቸርኬውን መሃል የሚይዘው ምንም ነገር የለም። አራቱ የታጠፉ ብሎኖች ብቻ ናቸው። በ60 እና በ80 መካከል መሪው ሲንቀጠቀጥ ጎሚስታ ጋ ወስደህ በእርሳስ ብታስተካክለው አይድንም። ጎማው ሚዛኑ ልክ ሆኖ ሳለ መሃሉን ስቶ ነው የሚዞረው። አንዳንዱ የቸርኬውን መሃል በሞላ (በመፍጫ ድንጋይ) ይፍቀዋል። እባክህ፣ እንዳታደርገው። አንዴ ከተፋቀ ለዚያች መኪናም ለሌላም አይሆንም።

የኋላው መንገዋለል ሲመጣ፣ ይህን በጣም በእርግጠኝነት ነው የምነግርህ። የላዳን የኋላ ታምቡር (የፍሬኑን ከበሮ) ቀረብ ብለህ እይ። ከአራቱ የጎማ ብሎን ቀዳዳ ሌላ ሁለት ትንንሽ ፒኖች አሉ። ታምቡሩን አክስሉ ላይ ይይዙታል፣ ጎማ ስትሰቅልም ይመሩሃል። ራሳቸው ከታምቡሩ ገጽ ወጣ ብሎ ይታያል። የላዳ የራሷ ቸርኬ ለነዚህ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። የቶርኖ ባለሙያው ግን ቸርኬውን ነው ያየው፤ አራት ቀዳዳና አንድ ትልቅ መሃል አውጥቶ ሰጠህ። ስፔሰርህ የተቀመጠው ታምቡሩ ላይ ሳይሆን ሁለቱ ፒኖች ራስ ላይ ነው። በሁለት ጠጠር ላይ እንደተጣደ ምጣድ በለው። የሚንገዋለለው ለዚያ ነው። ስታጠብቀው ዝም ያለው ስለተስተካከለ አይደለም። ስፔሰሩ ስለታጠፈ ነው። ለማረጋገጥ ፒኖቹ ራስ ላይ ትንሽ ጥላሸት ወይም ቅባት ቀብተህ ስፔሰሩን ግጠምና አውጣው። ስፔሰሩ ጀርባ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ ታገኛለህ። ከፊትም ተመሳሳይ ፒን አለ፣ እሱንም እይ።

ይህ እንግዲህ ስለ አልሙኒየሙ ወደማወራው ይወስደኛል። «ከቀለጠ አልሙኒየም» ስትል ገባኝ። አሮጌ ፒስተን፣ የተሰባበረ ካርተር፣ የተቃጠለ ድስት፣ ሁሉም አንድ ላይ ይቀልጣል። ለድስት ክዳን በቂ ነው። ውስጡ ግን የአየር ቀዳዳና ቆሻሻ ይይዛል። ድብልቁም አይታወቅም። በደንብ የተሠሩ የአልሙኒየም ስፔሰሮች 6061 ወይም 7075 ከሚባል በግፊት ከተሠራና በሙቀት ከጠነከረ አልሙኒየም ነው የሚቆረጡት። ከቀለጠው ጋር ስማቸው ብቻ ነው አንድ የሚያደርጋቸው። የአንተን ስፔሰር ጠርዙን በሞላ ፈግፍገው፣ ከዚያ ጸሐይ ላይ እየው። የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ጥቁር ነጥቦች ካየህ መልሱን አግኝተሃል። በተለይ በፒን ራስ ላይ የታጠፈው የኋላው ስፔሰር አንድ ቀን ተሰንጥቆ ታገኘዋለህ፤ ስንጥቁም ከብሎን ቀዳዳ ወደ ብሎን ቀዳዳ ነው የሚሄደው።

ለመኪናህ ቶርኖ ቤት የሚሠራ ነገር ከሆነ እኔ ብረት እመርጣለሁ። የብረት ክብ ዘንግ ተቆርጦ ሁለቱም ገጹ በአንድ አያያዝ ከተጠረበ የታወቀ ነገር ነው። ይከብዳል፣ እውነት ነው። 16 ሚሊ ውፍረት ያለው 1 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ግን ክብደቱን እያወቅኩ መቀበል ይሻለኛል።

ለምን 16 አልኩ? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ስፔሰር ስንት ሚሊ ድረስ ይፈቀዳል?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገልብጧል። ውፍረቱ ብቻውን ምንም አይልም። የጎማው መሃል መስመር ከዋናው ቦታው ምን ያህል ሸሸ ነው የሚባለው። በቸርኬው ጀርባ ላይ ኢቲ የሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደሎችና አንድ ቁጥር ተጽፎ ታገኛለህ። ቁጥሩ የቸርኬው መቀመጫ ገጽ ከቸርኬው መሃል መስመር ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሆነ በሚሊ ይነግርሃል። የላዳ የራሷ ቸርኬ ኢቲ 29 ነው። የዚህ ዓይነት ኮሮላ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ከ39 እስከ 45 ነው። 45 ከሆነ ጎማው በ16 ሚሊ ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል ማለት ነው። አሞርዛተሩንና መሪ ክንዱን የነካካው ለዚያ ነው። ስለዚህ የ16 ሚሊ ስፔሰር ጎማውን ወደ ጥንት ቦታው ነው የሚመልሰው። ኩሽኔታውም (ሞዞው የሚሽከረከርበት) መሪውም ምንም አዲስ ጫና አይሰማቸውም። በዚህ በኩል ሐሳብህ ትክክል ነበር። 39 ከሆነ ደግሞ 10 ሚሊ ነው የሚበቃህ።

ከዚያ በላይ ስታወጣው ነው ዋጋ የምትከፍለው። ጎማው በወጣ ቁጥር ክብደቱ ኩሽኔታውን እንደ ረዥም ዘንግ ይጠመዝዘዋል። የኩሽኔታ ዕድሜ ደግሞ በጣም ቁጡ ነው። ጫናው በ20 በመቶ ሲጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። መሪውም ይከብዳል፤ ጉድጓድ ስትመታ እጅህን ይመታሃል። «ሰፋ ብላ ትታይ» ተብሎ 40 እና 50 ሚሊ የሚገጥሙ ልጆችን ደሴ ፒያሳ ላይ አያለሁ። ለመልክ ብለው ኩሽኔታና ቴስቲና (የመሪውንና የፊት እግሩን መገጣጠሚያ) እየበሉ ነው።

አሁን የብሎኑ ርዝመት። ተንሸራቶ የሚገባ ስፔሰር፣ ማለትም የራሱ ብሎን የሌለው፣ የውፍረቱን ያህል ከጥርሱ ይቀንሳል። የላዳ ብሎን 12 ሚሊ ነው፤ ጥርሱ 1.25 ነው፤ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው 1.25 ሚሊ ማለት ነው። ቢያንስ 12 ሚሊ ጥርስ ሞዞው ውስጥ መግባት አለበት። መቁጠር ትችላለህ። ብሎኑ ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ እስኪቆም ድረስ ቢያንስ 10 ሙሉ ዙር። ከዚያ ካነሰ አጭር ነው። በጣም ከረዘመ ደግሞ በጀርባ ወጥቶ የፍሬን ሸራውን ወይም ጀርባ ያለውን ላሜራ ይነካል። ቸርኬ ሳትገጥም፣ ስፔሰሩንና የቸርኬውን ውፍረት በሮንዴላ (ከብሎን ራስ ሥር በሚገባው ቀጭን ቀለበት) ተክተህ ብሎኖቹን አስገባና ሞዞውን በእጅህ አዙረው። የሚፋቅ ድምፅ መኖር የለበትም። ይህን ስል ሮንዴላ ለመለካት ብቻ ነው። በሮንዴላ ክምር የሚነዳ መኪና አይቻለሁ፤ ገጽ የሚባል ነገር የለውም።

ብሎኑ የጎማ ብሎን መሆን አለበት። ራሱ ላይ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 ወይም 10.9 ተጽፎበት፣ አንገቱም እንደ ቸርኬህ መቀመጫ የሆነ። ይህንንም አስተውል፦ አንዳንድ የቶዮታ አልሙኒየም ቸርኬ መቀመጫው ሾጣጣ አይደለም፤ ጠፍጣፋ ነው። ሾጣጣ ብሎን ጠፍጣፋ መቀመጫ ላይ በቀጭን ጠርዙ ብቻ ይነካል፤ አልሙኒየሙን ይበላዋል፣ ከዚያ ይላላል። ጣትህን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተህ ዳሰው። ደግሞ የቶዮታ ዳዶ ጥርሱ 1.5 ነው፤ የላዳና የኒሳን 1.25። ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀላቅለው ከተቀመጡ አንዱ በሌላው ላይ ሁለት ዙር ይሄድና ይቆማል። ያኔ ቱቦ አስገብቶ የሚገፋ ሰው ጥርሱን ጨረሰው ማለት ነው። ብሎን በብየዳ የሚያስረዝም ደግሞ አለ። በዚያ ላይ አንድ ቃል አልጨምርም፤ ክልክል ነው።

«እንግዲያስ ምን ላድርግ?» ልትለኝ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የላዳ ቸርኬ እፈልጋለሁ። በዚህ ጊዜ ብዙ አሮጌ የላዳ ታክሲ ቆሟል። ደሴ ካጣህ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ላክ። ባለ 13 ነው፤ ጎማው ትንሽ ያንሳል፤ መኪናህ ግን 900 ኪሎ ናት፣ ይበቃታል። ስፔሰርም ረዥም ብሎንም ጭቅጭቅም የለም። ሲገዙ ግን የኒቫ ቸርኬ እንዳይሰጡህ። እሷም ላዳ ትባላለች፤ ብሎኗ ግን አምስት ነው፣ ክቡም ሌላ ነው።

ቸርኬውን ጨርሶ አልለቅም ካልክ ተንሸራቶ የሚገባው ስፔሰር ለአንተ አይሆንም። 98ቱን ወደ 100 አይለውጥልህም። ልክ የሚሆነው አዳፕተር ነው። አዳፕተር በራሱ አራት ብሎን ሞዞው ላይ ይታሰራል። ቸርኬው ደግሞ በሌላ አራት ብሎን አዳፕተሩ ላይ ይታሰራል። 98 እና 100 በጣም ስለሚቀራረቡ ቀዳዳዎቹ ጎን ለጎን አይሆኑም። ሁለተኛዎቹን አራት በ45 ዲግሪ አዙረህ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ታስቀምጣቸዋለህ። የመጀመሪያዎቹ ብሎኖች ራስ ሙሉ በሙሉ መጥለቅ አለበት። ቸርኬው በብሎን ራስ ላይ ከተቀመጠ ወደ ሁለቱ ጠጠሮች ተመለስን። ራሱ ጠልቆ ከሥሩም በቂ ብረት እንዲቀር ውፍረቱ ከ25 ሚሊ ማነስ የለበትም። ከኢቲ 45 ቸርኬ ጋር ጎማው ከዋናው ቦታ 9 ሚሊ ይወጣል። ያን ያህል እቀበላለሁ። ከብረት ከሆነ እያንዳንዱ 3 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። በአንድ በኩል ለላዳው አንገት ልክ የሆነ መሃል፣ በሌላው በኩል 54.1 ሚሊ የወጣ አንገት፣ ለፒኖቹ ሁለት ጉድጓድ። ቶርኖ ቤት ስትሄድ ቸርኬውን ብቻ አትያዝ። ታምቡሩንም ሞዞውንም ይዘህ ሂድ። ስትረከብ በካሊብሮ ስድስት ቦታ ላይ ውፍረቱን ለካ። ከአንዱ ወደ ሌላው ከ0.1 ሚሊ በላይ ከተለያየ መልስለት። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

ጥብቀቱን በቁልፍ ክንድ ስሜት አትገምት። ለላዳ ብሎን 70 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ኮሮላ በራሷ ሞዞ ላይ 103 ነው፤ አታምታታቸው። የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ከሌለህ ገበያ ላይ እህል የሚመዝኑበትን ባለመንጠቆ የእጅ ሚዛን ተዋስ። ከብሎኑ መሃል 50 ሳንቲ ሜትር የሚርቅ ቦታ ላይ ቁልፉ ላይ አንጠልጥለውና በቀጥታ ወደ ታች ሳብ። 14 ኪሎ ሲያሳይ 70 ደርሰሃል። አንድ 70 ኪሎ ሰው 1 ሜትር ቱቦ ላይ ሲቆም ግን 700 ነው፤ 10 እጥፍ። በዚያ የጠበቀ ብሎን ከልኩ በላይ ተለጥጦ ሞቷል። ስታጠብቅ መስቀል እየሠራህ ተሻገር፤ መጀመሪያ በግማሽ፣ ከዚያ በሙሉ። ጎማው አየር ላይ ሆኖ ጀምር። ገጾቹ ከዝገትም ከቀለምም ከቅባትም የጸዱ ይሁኑ። የሽቦ ብሩሽና ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

ከዚያ ሜዳው ላይ ሞክራት፤ ኮምቦልቻ ሜዳ አለህ። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ሞዞው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ሁሉንም እንደገና አጥብቅ። ከ100 በኋላ ደግመህ። አንዱ ብሎን ሁለተኛ ጊዜም ላልቶ ካገኘኸው አጥብቀህ አትሂድ፤ አውጥተህ ገጹን እይ። በብሎኖቹ ዙሪያ ቀይ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየህ ብረት በብረት እየተፋጨ ነው። ቀስ ብለህ ስታዞር «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅም ያው ነው። በክሪክ አንስተህ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው፤ ጓደኛህ ፍሬን ይርገጥ። ሲረግጥ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቴስቲናውንና ብሎኖቹን እይ።

ስለ ሐረጎ። መውጣቱ ሞተር ይጠይቃል፤ ሞዞን የሚፈትነው መውረዱ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,470 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ሁለታችሁ ተሳፍራችሁ መኪናዋ 1,000 ኪሎ አልፋለች። የዚያ ቁልቁለት ጉልበት በሙሉ ፍሬን ላይ ቢያርፍ 20 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከዚያ የተወሰነው ከዲስኩና ከታምቡሩ ወደ ሞዞው፣ ከሞዞው ወደ ስፔሰሩ ይገባል። አልሙኒየም ሲግል ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። ብሎኑን የበለጠ ይለጥጠዋል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ለስላሳው የቀለጠ አልሙኒየም ግን ከብሎኑ ሥር ተጨፍልቆ ስለሚቀር ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ ነው የሚላላው ስትወርድ ሳይሆን ከወረድክ በኋላ በነጋታው የሚሆነው። አንተም በነጋታው ማንም ሳያየው ትነሳለህ።

ስለዚህ ከላይ፣ ከደሴ ጢጣ ስትነሳ ማርሽህን አስቀድመህ ዝቅ አድርግ። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሬኑን አትንተራሰው፤ ረገጥ ለቀቅ አድርገው። የመጀመሪያውን ጊዜ ታች ስትደርስ ቁም። እጅህን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ፤ አትንካው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዟል። ብሎኖቹን ግን በትኩሱ አታጥብቅ። ሲቀዘቅዝ፣ በማግስቱ ጠዋት።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መኪናዋ ተመርምራ ሰሌዳና ቦሎ ካገኘች በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ዋናው መንገድ ላይ ባትወጣ ይሻላል። መርማሪው ስፔሰሩን ካየ ይጠይቅሃል፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እጠይቅሃለሁ።

ለዛሬ አራቱንም ስፔሰሮች አውጣቸው፤ ረዣዥሞቹንም ብሎኖች አብረህ። ስፔሰር አውጥቶ ረዥሙን ብሎን የሚተው አለና ነው። በቁልፍ የተገፉትን አራተኛ ብሎኖች ለይተህ ጣላቸው፤ ለሌላ ሥራም አይሆኑም። ከዚያ የአራቱንም ቸርኬ ጀርባ አጽዳና የኢቲውን ቁጥር ጻፍልኝ። አንዳንዴ ከአንድ ነጋዴ የተገዛ አራት ቸርኬ ሁለቱ 39፣ ሁለቱ 45 ሆኖ ይገኛል። የፒኖቹን ራስ ከፍታም በካሊብሮ ለክተህ ላክልኝ። በዚያ ላይ ተመሥርቼ ለቶርኖ ቤቱ ልኩን እጽፍልሃለሁ።